ቁርባን፣ ሰማንያና ቆብ፦ የትዳር ትዕግሥት ታሪክ በደጋው የክርስቲያን አገር

በኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋ የሚኖረው ክርስቲያን ትዳርን በአንድ ስም አይጠራውም ነበር። የቁርባን፣ የሰማንያና የደሞዝ ጋብቻ የሚባሉ ሦስት መንገዶች ነበሩ፤ ሦስቱም ከባልና ከሚስት የሚጠይቁት ትዕግሥት የተለያየ ነው። በቁርባን የተጋቡ ሞት እስኪለያቸው ድረስ መቻቻል ግዴታቸው ነበር። በሰማንያ የተጋቡት በሽማግሌ ፊት የገቡትን ውል በሽማግሌ ፊት ማፍረስ ይችላሉ። በደሞዝ የተዋዋለችው ሴት ከሰውዬው ጋር እየኖረች፣ ቤቱን እየያዘች የተቆረጠላትን ትቀበላለች፤ ውሉ ሲያልቅ ወይም አንዱ ሲሰለች ይለያያሉ። ስለ ክርስቲያናዊ ትዕግሥት በጥቅሉ የሚነገረው ሁሉ፣ የትኛው ጋብቻ እንደሆነ ተለይቶ ካልታወቀ፣ በዚህ አገር ብዙም ትርጉም አይሰጥም።

የቁርባን ጋብቻ የሕግ መሠረቱ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የግብጽ ቅብጣዊ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ አዘጋጀው፤ ወደ ግእዝ መመለሱንም የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጋር ያያይዘዋል። ሃያ አራተኛው አንቀጽ ስለ እጮኝነትና ስለ ጋብቻ የሚናገር ነው። በዚህ ሕግ ጋብቻን ከሚፈቱት ዋና ዋናዎቹ ሞት፣ ዝሙትና በሁለቱም ፈቃድ የሚደረግ ምንኩስና ናቸው። ጠብ፣ ስድብ፣ አለመግባባት፣ የባሕርይ አለመጣጣም በቀላሉ ለመለያየት አይበቁም። መጽሐፉ ለእነዚህ ያዘጋጀው መድኃኒት ንስሐና ዕርቅ ነው።

ሥርዓቱም ሸክሙን የሚመጥን ክብደት አለው። ድንግል የሆኑ ሙሽሮች በተክሊል ይጋባሉ፤ ካባ ለብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ ቀለበት ተለዋውጠው፣ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብተው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ በመጨረሻም ሥጋውንና ደሙን አብረው ይቀበላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንዱ የሌላውን ጾምና ንጽሕና የሚጠብቅ ይሆናል። የቆረቡ ባልና ሚስት በሁዳዴው 55 ቀንና በሌሎቹም አጽዋማት ከመኝታ መከልከል አለባቸው፤ አንዱ ቢስት ጉዳቱ የሁለቱም ነው። ትዕግሥቱ እንግዲህ ከጠብ ቀን አስቀድሞ በአዘቦት ቀን ይጀምራል።

ይህን ቀንበር በወጣትነቱ የሚሸከመው ጥቂት ሰው ነበር። ካህናት አማራጭ አልነበራቸውም፤ ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በሥርዓት ማግባት አለበት፣ ከዚያም ሚስቱ ብትሞትም ብትለየውም ሌላ ካገባ ክህነቱ ያበቃል። በዚህ የተነሣ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ብዙ የሚቻልበት ቤት የቄሱ ቤት ነበር። ትዕግሥቱ ሁሉ ከጽድቅ ብቻ የመጣ አድርጎ መቁጠር ግን የዋህነት ይሆናል። ቄሱ ሚስቱን አጥቶ ሌላ ካገባ መቅደሱን፣ ከመቅደሱ ጋርም የሚያርሰውን የሰሞን መሬት ሊያጣ ነው፤ ሚስትየዋም ይህን ታውቃለች። በሌላው ገበሬ ቤት ሚስት የማታገኘው የመደራደር ኃይል በቄሱ ቤት ነበራት።

ከካህናት ቀጥሎ የሚቆርቡት ሽማግሎች ናቸው። ብዙ ሰው በወጣትነቱ በሰማንያ አግብቶ፣ ምናልባት አንድ ሁለት ጊዜ ፈትቶ፣ በመጨረሻ ከጸናችለት ሚስቱ ጋር ልጆቹን ድሮ፣ የሥጋ ፈተናው ሲበርድ «ቆረበ» ይባላል። በዚህ ልማድ ቁርባን የትዳር መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የረጅም ትዳር ማኅተም ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትወደውም ነበር፤ ወጣቱ በሙሉ ከሥጋ ወደሙ ርቆ መኖሩ የካህናት የዘወትር ወቀሳ ነው። ምእመኑ ግን ሒሳቡን በራሱ መንገድ አስልቷል፦ ተማምሎ ከማፍረስ ሳይማማሉ መቆየት ይሻላል።

የውጭ ተጓዦች ግራ የተጋቡት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሩ ቆይቶ፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ የአገሩ ጋብቻ የማይጸና መሆኑን ጽፏል። ሲጋቡም መጀመሪያ ጥሎ የሚሄደው ወገን ይህን ያህል መቀጫ ይከፍላል ብለው እንደሚዋዋሉ ይናገራል። በካህናት ቡራኬ የሚፈጸመውንም ጋብቻ ዐይቷል፤ ነገር ግን የገረመው በውል የሚፈርሰው ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይበልጥ ደፍሮ፣ በዚህ አገር ከሁለቱ ሰዎች ፈቃድ በቀር ጋብቻ የሚባል ነገር የለም አለ። ለምስክርነትም በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ አንዲት ታላቅ ወይዘሮ ቀድሞ ባሎቿ ከነበሩ ሰባት ወንዶች ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጣ እንዳየ ይተርካል፤ ከሰባቱ አንዱም የዚያን ጊዜ ባሏ አልነበረም። ብሩስ አንባቢውን ማስደነቅ የሚወድ ጸሐፊ ነው፤ ያየውም የቤተ መንግሥቱን መኳንንት ነው እንጂ የደምቢያን ገበሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰባቱም ከቀድሞ ሚስታቸው ጋር ያለ ጠብ አንድ ምንጣፍ ላይ መቀመጣቸው ራሱ የሚናገረው አለ፤ ፍቺው በዕርቅ ሥርዓት ያለቀ ነበር ማለት ነው።

ሰማንያን ይህን ያህል ቀላል ያደረገው የመሬቱ ሥርዓት ነው። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ሴት ልጅም የወላጆቿን መሬት የመካፈል መብት አላት። ሙሽራይቱ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ከወላጆቿ ከብት ይዛ ትሄዳለች፤ የባሏም ወገን በዚያው ልክ ያቀርባል፤ ሽማግሌዎችና ዋሶች የሁለቱን ድርሻ ያውቃሉ። ትዳሩ ሲፈርስ ያመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ትወጣለች። የምትሄድበት ያላት ሴት ብዙ አትችልም፤ የምትችለውም ስትፈልግ ነው። ይህ ስሌት የሚበላሸው ሴቲቱ ከዘመድ ርቃ ስታገባ፣ ወላጆቿ ሲሞቱ፣ ወይም ገና ልጅ ሳለች ስትዳር ነው። በጎጃምና በጎንደር ሴት ልጅን በጨቅላነቷ መዳር እስከ ቅርብ ዘመን የጸና ልማድ ነበር። እንዲህ ያለችው ልጅ ሸሽታ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች፣ ይመልሷታል፣ ደግሞ ትሸሻለች፤ ትዕግሥት ተብሎ የሚነገርላትም ጊዜ የሚመጣው መሸሹ ሲታክታት ነው።

በቁርባንም ሆነ በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲጋጩ መጀመሪያ ነገሩን የሚሰማው የነፍስ አባት ነው። እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤት የራሱ የነፍስ አባት አለው። በየበዓሉ እየመጣ ጠበል ይረጫል፣ ይባርካል፣ ይበላል ይጠጣል፤ ሲታመሙ ያናዝዛል፣ ሲሞቱ ይፈታል፣ ተዝካራቸውን ያወጣል። የባልንም የሚስትንም ኑዛዜ የሚሰማ እርሱ ነውና በመካከላቸው ያለውን እውነት ከሁሉ በላይ ያውቃል፤ ምስጢሩን ግን ለአንዱም ለሌላውም መናገር አይችልም። ይህ እንግዳ ሥልጣን ነው። ባልየው «እርሷ ታሳብቅብኛለች» ብሎ ሲከስ፣ ቄሱ ከሁለት ቀን በፊት ሚስትየዋ ያለቀሰችበትን ምክንያት ሰምቷል። ያንን ሳይገልጥ፣ ነገር ግን ያንን ሳይረሳ መምከር አለበት። የተሳካለት የነፍስ አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ጊዜ መግዛት ነበር፦ ለባል ይህን ያህል ስግደት፣ ለሚስት ይህን ያህል ጾም፣ ለሁለቱም ምጽዋት ሰጥቶ «ቀኖናችሁን ስትፈጽሙ እንነጋገር» ብሎ ይሄዳል። ሰባት ወይም አርባ ቀን ሲያልፍ ንዴቱ ይበርዳል፤ የሚናገረው ሁሉ በሌላ ድምፅ ይናገራል።

የነፍስ አባቱ ሌላም መሣሪያ ነበረው፤ ግዝት። «ከቤት ብትወጪ» ወይም «እጅህን ብታነሣባት በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ» ያለ እንደሆነ ቃሉን መጣስ ከቤተ ክርስቲያን መለየት ነው። ግዝት ግን ሁለት ስለት አለው። በክፉ ባል ላይ ሲውል ጋሻ ነው፤ ለመውጣት በቂ ምክንያት ባላት ሴት ላይ ሲውል እስር ነው። የትኛው ይበዛ እንደነበር የሚወስነው የቄሱ ጠባይና የባልየው ማዕድ ስፋት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቤቱ ሲፈርስ የነፍስ አባቱም የሚውልበትን አንድ ገበታ ያጣልና።

የነፍስ አባቱ ያልቻለው ነገር ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሚስት ኩርፊያዋ ሲጸና ወደ ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ መግባቷ ራሱ ክስ ነው። ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢቻል ካህን ይሆናል። የሚስት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው በእግዚአብሔር ስም፣ በእመቤታችን ስም ይለምናሉ፤ በእነዚህ ስሞች ተለምኖ ጨርሶ እንቢ ያለ ሰው በአገሩ ነውረኛ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቀን ይቀጠራል። ሲቀመጡ ሁለቱም በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ጥፋቱ ይመዘናል፣ ካሣ ይቆረጣል፤ ለሴቲቱ ቀሚስ ወይም ነጠላ፣ ለአማቶቿ ጉልበት መሳም፣ ለወደፊቱም «ዳግመኛ ባደርግ» የሚል ዋስ። ጠላው ይቀዳል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ እርሷም ትመለሳለች። የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ ተበዳዩ ሰው ብቻውን እንዲታገሥ አለመተዉ ነው፤ የመታገሡን ድካም ዘመድ፣ ጎረቤትና ዋስ ይካፈሉታል። ድክመቱም እዚያው አለ። ሽማግሌ የሚመርጠው ዕርቅን ነው፤ እውነቱን እስከ ሥሩ መፈተሽ ዕርቁን የሚያበላሽ ከሆነ ተሸፍኖ ይታለፋል።

ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰው ግን ነገሩ በመሸፈኑ አይጽናናም። በባልና በሚስት መካከል ከሚነሣው ነገር ሁሉ ለሽማግሌ የሚከብደው ጥርጣሬ ነው፤ ምስክር የለውም። ለዚህ ልማዱ ያዘጋጀው መሐላ ነበር። የተጠረጠረው ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ካህንና ሽማግሌ ባሉበት ይምላል፤ በሐሰት የማለ በዓመቱ እንደሚጠፋ ይታመናል፣ የማለው ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር አይነሣበትም። ይህ ልማድ የሚደገፍበት ትረካም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ ነበረ። በነገረ ማርያም እንደሚተረከው እመቤታችን ፀንሳ በተገኘች ጊዜ አይሁድ እርሷንና ዮሴፍን ማየ ዘለፋ፣ ማለትም የተጠረጠረ ሰው የሚፈተንበትን ውሃ፣ አጠጧቸው፤ ውሃው ሳይጎዳቸው ንጽሕናቸው ተገለጠ። መጽሐፈ ሶስናም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ነው፤ በሐሰት የተከሰሰችውን ሚስት ዳንኤል ምስክሮቹን ለያይቶ በመጠየቅ ያድናታል። ሁለቱ ትረካዎች የሚያስተምሩት አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ንጹሑ ሰው ዝም ብሎ ጽዋውን ይጠጣል፣ ነገሩን እግዚአብሔር ይፈርዳል፤ በሁለተኛው ንጹሑን የሚያድን አስተዋይ ዳኛ ያስፈልጋል። የአገሩ ስብከት የመጀመሪያውን ይበልጥ ወድዷል።

የትዕግሥትን ስብከት ከገድላት ጋር ያስተያየ ሰው ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ቤተ ክርስቲያን ካከበረቻቸው ኢትዮጵያውያት ቅዱሳት መካከል ታላላቆቹ ባላቸውን ትተው የወጡ ናቸው። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመኗ ክርስቶስ ሠምራ በሸዋ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሏ እንደሚለው አገልጋይዋን በቁጣ ገደለቻት፣ በጸሎቷ ከሞት ብትነሣላትም ከዚያ በኋላ ባሏን፣ ልጆቿንና ሀብቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በኋላም ወደ ጣና ደሴት ጓንጉት ሄደች። ባሏ ክፉ ነው አልተባለም። የተወችው ትዳሩን ሳይሆን ዓለሙን በሙሉ ነው።

የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ እርሷ ትዳር ውስጥ የገጠማትን ግጭት ገድሏ በዝርዝር አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች፤ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ የሆነውን መልክአ ክርስቶስን አገባች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በዚያን ዘመን ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት እያዘነበለ ነበር፤ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ዐመፀኞች ጋር ወግነው በጦር ሜዳ ወደቁ። ባልየው የንጉሡ ሰው ነው፤ ሚስትየዋ የጥንቱን ሃይማኖት አጥባቂ። ወለተ ጴጥሮስ መነኮሳት ረድተዋት በስውር ከቤቷ ወጣች። መልክአ ክርስቶስ ፍለጋ ወጥቶ የተሸሸገችበትን አገር ማጥፋት ጀመረ፤ ሕዝቡ በእርሷ ምክንያት ሲጎዳ ሽማግሌና ካህን ገብተው አስታረቋቸው፣ እርሷም ተመለሰች። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛዋም የኮበለለች ሚስት ታሪክ ነው፤ ሽማግሌም ሥራውን ሠራ። ነገር ግን ባሏ በጳጳሱ ሞት ውስጥ እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ መኝታውን ተለየች፣ ጌጧን ጣለች፣ በጾም ራሷን አደከመች፤ በመጨረሻም ለቀቃትና መነኰሰች።

የገድሉ ጸሐፊ ገላውዴዎስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1672፣ እርሷ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲጽፍ፣ የሚያስረዳው ነገር ቀላል አልነበረም። በሕግ የተጋባች ሴት ባሏ ዝሙት ሳይሠራ ትታው መሄዷን ማጽደቅ አለበት። ያጸደቀው ባልየው የካደውን ሃይማኖት እርሷ በመጠበቋ ነው፤ ትዕግሥቷንም በቤት ውስጥ ሳይሆን ከቤት ከወጣች በኋላ ባሳለፈችው ስደት አሳየ። በንጉሡ አደባባይ ቆማ ሃይማኖቷን አልለውጥም አለች፣ ወደ ምዕራቡ በረሃ ተጋዘች፣ ተከታዮቿን በወረርሽኝና በረሃብ መካከል መራች። ሱስንዮስ በ1632 የጥንቱን ሃይማኖት ሲመልስ ወለተ ጴጥሮስ የብዙ መነኮሳትና መነኮሳይት መሪ ነበረች፤ በ1642 አረፈች። በጣና ዳር ያለችው ቋራጣ በስሟ የከበረች መማጸኛ ሆነች።

የእነዚህ ሴቶች ገድል ለተራዋ ሚስት አንድ የከበረ በር አስቀርቶላታል፤ ቆብ። ባልና ሚስት ሲያረጁ ተስማምተው መለየት፣ አንዱ ወይም ሁለቱም መመንኰስ የተለመደ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥቱም ይፈቅዳል። ዐርባ ዓመት ከአስቸጋሪ ሰው ጋር የኖረች ሴት ቆብ ስትደፋ ማንም «ባሏን ፈታች» አይልም፤ «እማሆይ» ተብላ ትከበራለች። ስንቱ ምንኩስና ከጸሎት ፍላጎት፣ ስንቱስ ከድካም እንደመጣ የሚያውቀው የነፍስ አባት ብቻ ነበር።

በቤተ መንግሥት ውስጥ ትዳርና ፖለቲካ ስለሚቀላቀሉ የትዕግሥቱም መልክ ይለወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከራስ ዓሊ ልጅ ከተዋበች ጋር የኖሩት ኑሮ በዘመኑ የታወቀ የጸና ትዳር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ስትሞት ንጉሡ እጅግ ተጎዱ። ቀጥለው ያገቡት የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ነው። አባቷ በቴዎድሮስ እጅ ተሸንፎ ታስሯል፤ በትዳሩ ውስጥ ቂም አብሮ ገባ። በመቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ንጉሡ ሲገቡ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዳዊት እየደገመች ነበርና ቀና ብላም አላየቻቸውም፤ ለምን እንደማትመልስ ሲጠይቋት ከእርሳቸው ከሚበልጠው ከንጉሥ ዳዊት ጋር እየተነጋገረች መሆኑን ነገረቻቸው። ዳዊት መድገም የተበደለች ሚስት ሁሉ መጽናኛ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጸሎቱ ራሱ የጠብ ቃል ሆኖ አገለገለ። ወደ መጨረሻው መታረቃቸው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1868 ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ስትጓዝ ታማ ትግራይ ውስጥ ዐረፈች፣ ጨለቆትም ተቀበረች። በአንጻሩ ምኒልክና ጣይቱ ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር ፈትተው የተገናኙ ነበሩ፤ በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ሞት እስኪለያቸው አብረው ኖሩ፤ ልጅ አለመውለዳቸውም አላለያያቸውም።

ተራው ሰው ከካህንና ከሽማግሌ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የማትፈቅዳቸውም መንገዶች ነበሩት። ባሏ ልቡ የሸፈተባት ሴት ወደ ደብተራ ሄዳ መስተፋቅር ታሠራለች፤ ይህ በንስሐ ጊዜ የሚናዘዙት ኃጢአት ነው። ዛር ያለባት ሴት ደግሞ ከዛሯ ጋር ከባሏ ያጣችውን ታገኛለች። ዛሩ ሲነሣ የሚያዘው አዲስ ቀሚስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ በግ ነው፤ ሚስቱ ብትለምነው የማይሰጥ ባል ዛሩን ፈርቶ ይሰጣል። በዚያ ላይ ሴቲቱ ሌላ ቀን የማትደፍረውን ቃል በዛሩ አፍ ትናገራለች፣ ማንም አይጠይቃትም። ስለ ዛር የጻፉ አጥኚዎች ይህን ደጋግመው አስተውለዋል። ካህኑ ጠበል ይረጫል፣ ዛሩ ለጊዜው ይለቃል፤ የተናደደችበት ጉዳይ ግን እንዳለ ይቆያል።

ከልጆች መጽሐፍ እስከ ሠርግ ምክር የሚነገረው የአንበሳው ጸጉር ተረት የተገነባው በዚሁ ዓለም ነው። አንዲት ሴት የከበዳትን የቤቷን ሰው እንድትለውጥ መድኃኒት ስትፈልግ፣ ዐዋቂው ከሕያው አንበሳ ጸጉር እንድታመጣ ይነግራታል፤ ቀን በቀን ሥጋ እያቀረበች አንበሳውን ታላምዳለች። በአንዳንዱ አነጋገር የከበዳት ባሏ ነው፣ በሌላው የእንጀራ ልጇ። ተረቱ የተወደደው በእውነት የሚያምር በመሆኑ ነው። ሆኖም ወንድ ልጅ ለሚስቱ ሲል የአንበሳ ጸጉር የሚፈልግበት አነጋገር የታወቀ አይደለም።

የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕግ ይህን ሁሉ ልማድ ወደ አንቀጽ ለወጠው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሃይማኖት፣ የልማድና የክብር መዝገብ ጋብቻን እኩል ተቀበለ፤ በባልና ሚስት መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚያዩ የቤተ ዘመድ ዳኞች እንዲኖሩ አደረገ፤ ፍቺንም የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። የመንደሩ ሽማግሌ የሕግ ሥልጣን አገኘ ማለት ነው። ከባድ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር፤ አልቫሬዝ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ ያየው የመቀጫ ውል በሌላ ልብስ ተመለሰ። ነገር ግን ይኸው ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ስለ ደነገገ፣ በሰማንያ ውል ውስጥ በተግባር የነበረውን የሁለት ወገን ድርድር በጽሑፍ አጠበበው። ዳኞቹም ነገሩን ለወራትና ለዓመታት ያጓትቱ ነበር፤ ከሁሉ የበዛው የሕጉ ወቀሳ ይህ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በጋብቻ፣ በትዳር ዘመንና በፍቺ የወንድና የሴትን እኩልነት ደነገገ፤ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱም ክርክራቸው በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ተወ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፣ የባልን አለቅነት አስቀረ፣ ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ከዘመድ ዳኞች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌ ግን ጨርሶ አልወጣም። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስትን ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች እንዲታረቁ ሊልካቸው ይችላል፤ ያ ካልሠራም እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣቸዋል። የነፍስ አባቱ በቀኖና ይገዛው የነበረው ጊዜ በሕግ ተወስኖ ገባ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገ። ከዚያ በፊት ድብደባ በኩርፊያ፣ በሽማግሌና በካሣ የሚያልቅ የቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ለሚስትም የሚሰጣት ምክር «ቻይው» ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ካህናቱም አሳባቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱ የነፍስ አባት የተደበደበችውን ሴት አሁንም ወደ ቤቷ ይመልሳል፤ ሌላው ግዝቱን በባልየው ላይ አውሎ እርሷን ወደ ሕግ ይልካል። በከተማና በውጭ አገር በሚገኙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች፣ የነፍስ አባቱ ከንስሐ ልጆቹ ጋር በአካል ሳይሆን በስልክ መነጋገር ጀምሯል። በወጣትነታቸው በተክሊል ወይም በቁርባን የሚጋቡት በዝተዋል፤ በዚህም የቁርባን ቀንበር ድሮ ከነበረበት ከካህናትና ከአረጋውያን ቤት ወጥቶ ወደ ሃያዎቹ ዕድሜ ወርዷል። እነዚህ ወጣቶች ሲጋጩ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የታሰረ፣ በመንግሥት ሕግ ግን የሚፈታ ትዳር ይዘው ሁለት ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ ፍርድ ቤት ያፈረሰውን ተክሊል ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈረሰ አትቆጥረውም፣ ሁለተኛም በተክሊል አትድርም።